ጫት በ2014 ተከለከለ፤ አሁን ስለ ካናቢስ ሲከራከሩ እኛ ዝም እንበል?

የሉዊሻሙ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ወገኖች። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ግራ እንዳይገባችሁ።

ሜይ 2025 ላይ የለንደን የዕፅ ኮሚሽን ሪፖርቱን አውጥቷል። የመሩት ሎርድ ፋልኮነር ናቸው፤ በቶኒ ብሌር ጊዜ ሎርድ ቻንስለር (የፍትሕ ጉዳይ ሚኒስትር) የነበሩት። ከምክራቸው ብዙ ያነጋገረው አንዱ ነው። ሰው ለራሱ የሚሆን ትንሽ ካናቢስ (ሀሺሽ) ይዞ ቢገኝ ወንጀለኛ አይባል፤ የሚያመርተውና የሚሸጠው ግን እንደ ድሮው ይከሰስ ይላል። ከንቲባ ሳዲቅ ካን ደገፉት። የስታርመር መንግሥት ግን ካናቢስን ከክፍል ቢ (የዕፅ ሕጉ ካሉት ሦስት ክፍሎች መካከለኛው) የማውጣት ሐሳብ የለኝም ብሎ ወዲያው በሩን ዘጋው።

እኛ ስለ ቪዛ፣ ስለ ካውንስል ቤት፣ ስለ ልጆች ትምህርት ስንጽፍ እናድራለን። የዕፅ ሕግ ሲነሳ ግን ሁሉም ዝም። የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለናል። አይደለም። ይቺው አገር የኛኑ ቅጠል የከለከለችው ጁን 24 ቀን 2014 ነው።

እንዴት እንደተከለከለ አስታውሱ። የመንግሥት የዕፅ አማካሪ ምክር ቤት በ2005 ጫት አይከልከል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2006 ጫትን በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ማስገባት አያስፈልግም አሉ። ምክር ቤቱ በጃንዋሪ 2013 እንደገና አጥንቶ ያንኑ ደገመ። ይልቅ በየአካባቢው የጤና ትምህርትና እርዳታ ስጡ አለ። በኖቬምበር 2013 ደግሞ በኪት ቫዝ የሚመራው የፓርላማው የአገር ውስጥ ጉዳይ ኮሚቴ አትከልክሉ፣ አስመጪዎቹን በፈቃድ ተቆጣጠሩ አለ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ይህን ሁሉ ሰምተው ከለከሉት። ኔዘርላንድስ ከዘጋች ብሪታንያ የአውሮፓ ማከፋፈያ ትሆናለች አሉ። ማኅበረሰቡም ይቸገራል፣ ጉዳቱም ከሚታየው ሊበልጥ ይችላል አሉ።

እኔ ቃሚ አይደለሁም። ጫት ጥሩ ነው ልል አልመጣሁም። የምለው ሌላ ነው። ከልክለው ሄዱ። ሐኪም አልመጣም፣ አማካሪ አልመጣም፣ በቋንቋችን የተጻፈ አንዲት ወረቀት እንኳን እኔ ባለሁበት ሰፈር አላየሁም። በቀላሉ የተከለከለው ቃሚው የሚፈራው መራጭ ስላልሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን ስለ ካናቢስ ክርክሩ ሲከፈት ያየነውን መናገር አለብን። እናንተስ?

እናት_ከቶተንሃም

ወንድሜ፣ በደንብ ጽፈሃል። እኔ ግን ያን ቀን እልል ካሉት አንዷ ነኝ፤ ዛሬም አልጸጸትም።

ባለቤቴ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ መቃሚያ ቤት ነበር የሚሄደው። መፍረሽ ይሉታል ሶማሌዎቹ። ከሌሊቱ ስምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። ምርቃናው ስላልበረደ እንቅልፍ የለም። ሳሎን ውስጥ መብራት አብርቶ፣ ወዲያ ወዲህ ሲል ያነጋል። ያን ለመስበር ቢራ ይከፍታል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሱ ገና መተኛቱ ነው፣ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ነው የሚለብሱት። ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ዓይኑ ቀልቶ፣ ቃል አታናግሩኝ።

አንድ ዙርባ ሦስት ፓውንድ ነው፣ ምን አላት ይሉኝ ነበር። በቀን ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት። ለእንግዳ መጋበዝ አለ። በሳምንት ስንት እንደሚሆን አስሉት። የኤሌክትሪክ ቁልፉን (የቅድመ ክፍያ ቆጣሪውን) የምሞላበት አምስት ፓውንድ አጥቼ ከልጆቼ ጋር በጨለማ ያደርኩበት ጊዜ አለ።

የሶማሌ እናቶች ለዓመታት ሲጮኹ አውቃለሁ። ፊርማ ሲሰበስቡ እኔም ፈርሜያለሁ። ስለዚህ ማንም አልጠየቀንም አትበል። እኛ ጠይቀናል። ባለቤቴ ቅጠሉ ከገበያ ሲጠፋ ተወው። መጀመሪያ ወር ተነጫነጨ፣ ከዚያ ለመደው። ሁሉም ቤት እንዲህ ሆነ አልልም።

መጋዘን_ሠራተኛ

እኔ የማወራው ከሌላው ወገን ነው። ሳውዝሆል አጠገብ መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው።

ጫት እንደ ሙዝ ወይ እንደ ሽንኩርት አይደለም፣ ቀን አይሰጥም። ካቲኖን የሚባለው የሚያነቃው ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ አብሮ ይከስማል። ስለዚህ ጭነቱ ሂትሮው ሲደርስ ሩጫ ነው። ካርቶኑ ሲከፈት ዙርባው በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ገና እርጥብ ነው። ቫኖቹ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ይጠብቃሉ። ካርዲፍ፣ በርሚንግሃም፣ ሼፊልድ። ማታ ላይ ሰው እጅ ካልገባ ገራባ ነው፣ ማንም አይገዛህም። አብዛኛው የኬንያው ሚራ ነበር። ከኛ የሚመጣውን ሄረሪ ይሉታል። ውድ ነበር፣ የሚያውቁት ሰዎች ከሩቅ ሽታውን አሽትተው ይለዩታል።

ይህ ሁሉ በቀን፣ በሰነድ ነበር የሚሠራው። በ2011/12 ብቻ 2,560 ቶን ገብቷል፣ ዋጋውም 13.8 ሚሊዮን ፓውንድ ተብሎ ተመዝግቧል። መንግሥት 2.8 ሚሊዮን ፓውንድ ታክስ ሰብስቦበታል። ከሕጉ በፊት ቀረጥ የሚከፍል ነጋዴ ነበር። ከሕጉ በኋላ ደረቅ ጫት በፖስታ፣ ሻይ ቅጠል ነው ተብሎ መላክ ተጀመረ። ዋጋው ስንት እጥፍ ሆነ! ጥራቱ ደግሞ ድርቆሽ ነው። የሚሸጠውም ሌላ ነገር አብሮ የሚሸጥ ሰው ሆነ።

እናት፣ ያልሽው እውነት ነው፣ አልከራከርሽም። እኔም እነዚያን አባቶች አይቻቸዋለሁ። ግን በዚያች ሳምንት ከኔ ጋር የሚሠሩት ሁሉ ሥራ አጡ። ኬንያ ሜሩ ያለው ገበሬ ገበያው በአንድ ቀን ተዘጋበት። የአወዳይ ነጋዴም ቢሆን ቀምሷታል።

ሕግ_ተማሪ

እስካሁን ያልተነሳ አንድ ነገር አለ። ጫት ለብቻው የተደረገበት ተንኮል አይደለም። የዚህ አገር የዕፅ ሕግ አሠራሩ ይኸው ነው።

የ1971ዱ ሕግ ዕፆችን በሦስት ክፍል ይመድባል። ኤ ላይ ሄሮይን፣ ኮኬይን፣ ኤክስታሲ። ቢ ላይ ካናቢስ። ሲ ላይ ከ2014 ጀምሮ ጫት። ይዞ መገኘት በኤ እስከ 7 ዓመት፣ በቢ እስከ 5፣ በሲ እስከ 2 ዓመት ያሳስራል። መሸጥ ከሆነ ግን በቢም በሲም እስከ 14 ዓመት ነው። ቁጥሩን ልብ በሉት። ጁን 23 ቀን ታክስ የተከፈለበት ዕቃ በማግሥቱ እስከ 14 ዓመት ያስቀጣል።

አማካሪ ምክር ቤቱንም ያቋቋመው ያው ሕግ ነው። ሚኒስትሩ ሳያማክር ዝርዝሩን መለወጥ አይችልም። የሰማውን የመቀበል ግዴታ ግን የለበትም። ይህቺ ቀዳዳ ናት ሁሉን የምታመጣው።

በካናቢስ የሆነውን ተመልከቱ። በ2004 ዴቪድ ብላንኬት ከቢ ወደ ሲ አወረዱት። በ2009 ጃኪ ስሚዝ ወደ ቢ መለሱት፣ ምክር ቤቱ ሲ ላይ ይቆይ እያለ። ሁለቱም የሌበር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሮች ነበሩ። በዚያው ዓመት የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ፕሮፌሰር ዴቪድ ነት የፈረስ ግልቢያን አደጋ ከኤክስታሲ ጋር አነጻጽረው ጻፉ፣ ግልቢያው ብሶ ተገኘ። ኋላም የዕፆች ምደባ ከጉዳታቸው ጋር አይገጥምም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ኦክቶበር 2009 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ አለን ጆንሰን አባረሯቸው። ተከትለው ከምክር ቤቱ የለቀቁ ሳይንቲስቶች ነበሩ።

እሳቸው ዝም አላሉም። በ2010 ከባልደረቦቻቸው ጋር 20 ዕፆችን በጉዳት መዝነው ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። በመቶ ነጥብ አልኮል 72፣ ሄሮይን 55፣ ክራክ 54 አገኙ። ካናቢስ 20። ጫት 9። ጫት ከታች ካሉት ጥቂቶቹ ጋር ነው ያለው። ከሦስት ዓመት በኋላ ነው ሜይ እንከለክላለን ያሉት።

ኮንሰርቫቲቮቹም በ2023 ናይትረስ ኦክሳይድን (የሳቅ ጋዝ የሚሉትን) ክፍል ሲ ሲያስገቡ ምክር ቤቱ አይሁን ብሎ ነበር። ፓርቲ ይለዋወጣል፣ አሠራሩ ያው ነው።

አባት_ከበርሚንግሃም

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ስልሳውን አልፏል። የተማራችሁ ናችሁ፣ ቁጥሩን አልክድም። ግን ጫትና ካናቢስን በአንድ ሚዛን አታስቀምጡብኝ።

አሁን መንገድ ላይ የሚሸጠው ሀሺሽ ድሮ ሻሸመኔ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። ስከንክ የሚሉት ነው፣ ኃይለኛ ነው። በኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች የተመራ የ2019 ጥናት ኃይለኛውን ካናቢስ በየቀኑ የሚያጨስ ሰው፣ ጨርሶ ከማያጨሰው ጋር ሲነጻጸር፣ ለአእምሮ መታወክ የመጋለጥ ዕድሉ አምስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። እኔ ጥናቱን ሳላነብ በፊት በዘመዴ ልጅ አይቼዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ ጨዋ ልጅ። ግድግዳው ይሰማኛል ማለት ጀመረ። እናቱ ጠበል ይዛው ሄደች፣ እኛ ሆስፒታል ወሰድነው። ዛሬም መድኃኒት ላይ ነው።

መንግሥት ይህን ነገር ቀለል ሲያደርገው ለልጆቻችን ምን እየነገራቸው ነው? ሕጉ ሁሉን ባያስቆምም አጥር ነው።

የሉዊሻሙ

አባቴ፣ ስለ ልጁ በጣም አዝናለሁ። እግዚአብሔር ይማረው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ልጅ ያጨሰው ሕጉ ባለበት ነው። ካናቢስ ከ1971 ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት የተከለከለ ነው። ስከንክ የበረታውም በክልከላው ዘመን ነው። ሻጩ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ የሚነግርበት ወረቀት አይለጥፍም፣ ዕድሜም አይጠይቅም። ልጁ መጀመሪያ ምልክት ሲያሳይ ለሐኪም ልናገር ብሎ ፈርቶ ከሆነ፣ ያ ፍርሃት ከሕጉ ነው የመጣው።

አምስተርዳም_ነኝ

ከማዶ ልጨምር። እኛ ጋ ጫት የተከለከለው ጃንዋሪ 2013 ነው፣ ከእናንተ ቀድሞ። ሜይ እንደ ምክንያት የጠቀሱትም የኛን ነበር።

አስገራሚው ነገር እዚህ ካናቢስ ከኮፊሾፕ በቀን እስከ 5 ግራም ትገዛለህ። በወረቀት ላይ ሕገ ወጥ ነው፣ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቅዱታል። ጎብኚ ሁሉ ይገዛል፣ ፖሊስ በአጠገቡ ያልፋል። አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ግን ጫት ይዞ ቢገኝ ይወረሳል። የሚያደርሰው ጉዳት ተመዝኖ ነው የሚል ሰው ካለ ያስረዳኝ።

ነርስ_ግላስጎ

በሥራዬ በኩል ያለውን ልንገራችሁ፣ ክርክሩ ካናቢስ ላይ ብቻ ስለቀረ።

ስኮትላንድ ውስጥ በ2020 1,339 ሰው በዕፅ ሞቷል። አምስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ባለበት አገር። በ2024 ቁጥሩ ወደ 1,017 ወርዷል፣ አሁንም ግን ከምዕራብ አውሮፓ ከከፉት ነው። ግላስጎ መሀል ከተማ ከ2015 ጀምሮ መርፌ በሚጋሩ ሰዎች መካከል የኤችአይቪ ወረርሽኝም ነበረ።

እዚህ ያሉ ሐኪሞች ለዓመታት የለመኑት አንድ ክፍል ነበር። ሰው የራሱን ዕፅ ይዞ ይምጣ፣ በንጹሕ መርፌ፣ ነርስ እያየው ይውሰድ። የዕፅ ሕግ ግን የዌስትሚኒስተር፣ ማለት የለንደኑ ፓርላማ ሥልጣን ነው። ለንደን እምቢ አለች። በሩ የተከፈተው በ2023 ሎርድ አድቮኬት (የስኮትላንድ ዋና አቃቤ ሕግ) ዶረቲ ቤይን እዚያ ክፍል ውስጥ ይዞ የተገኘን ሰው መክሰስ ለሕዝብ አይጠቅምም ሲሉ ነው። ሕጉ አልተለወጠም። አቃቤ ሕግ ነው አልከስም ያለው። ዘ ቲስል የሚባለው ማዕከል ጃንዋሪ 2025 ተከፈተ፣ በብሪታንያ በሕግ ፈቃድ የመጀመሪያው ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ብርቅ ነገር አይመስልም። ወንበር አለ፣ መስታወት አለ፣ የተዘጋጀ ንጹሕ መርፌ አለ። ሰውየው ከንፈሩ መጥቆር ከጀመረ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ኦክስጅን ይደረግለታል፣ ናሎክሶን (እንደ ሄሮይን ያሉትን ዕፆች ኃይል የሚሰብር መድኃኒት) ይሰጠዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ዓይኑን ይገልጣል። ያው ሰው መንገድ ላይ፣ ከቆሻሻ ገንዳ ጀርባ ቢሆን ኖሮ ማንም አያየውም ነበር። ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ቤት ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ከሳምንታት በኋላ ሕክምና ልጀምር ይላል።

አባቴ አጥር ነው ያሉት ቃል ገባኝ። እኔ ጋ የሚመጡት ግን አጥሩን ካለፉ ቆይተዋል። ለነሱ ምን አለን? ነው ጥያቄዬ።

እናት_ከቶተንሃም

ነርሷ ያልሽው ልቤን ነካው። ያ ክፍል መኖሩን እደግፋለሁ። ግን አሁንም ሻጩን ልቀቁት አልልም።

ነርስ_ግላስጎ

እኔም አልልም እህቴ። የለንደኑ ኮሚሽንም አላለም።

ወረቀት_ጉዳይ

አንድ ጠቃሚ ነገር፣ በተለይ ወረቀት (የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነት) ጉዳይ ላይ ላላችሁ።

ጫት ይዞ የተገኘ ሰው መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ 60 ፓውንድ ቅጣት፣ ሦስተኛ ጊዜ እስር ነው ተብሎ ነበር ሕጉ ሲወጣ። ቀላል ይመስላል። ግን ዜግነት ስታመለክቱ መልካም ጠባይ የሚባል መስፈርት አለ፣ ፎርሙም ማስጠንቀቂያና ቅጣት ሳይቀር ይጠይቃል። የፖሊስ ኮሽን (ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ የሚሰጥ መደበኛ ማስጠንቀቂያ) እንኳን ሊያዘገያችሁ ይችላል። ከአዲስ አበባ ስትመለሱ ለዘመድ አድርስልኝ የተባላችሁትን ደረቅ ቅጠል ሻንጣችሁ ውስጥ አታስገቡ። እሺ አትበሉ፣ ዝምድናው ይቅር። አስመጪ ነህ ከተባልክ ነገሩ የማስጠንቀቂያ አይደለም።

ካናቢስም እንዲሁ። ጥቁር ልጆች መንገድ ላይ የሚፈተሹት ከነጮች በብዙ እጥፍ ነው፤ የመንግሥት የራሱ መረጃ በየዓመቱ የሚያሳየው ነው። አብዛኛው ፍተሻ ደግሞ ዕፅ ፍለጋ ነው። ሁለት ልጆች እኩል ቢያጨሱ የሚያዘው የኛው ነው። ለኔ የፋልኮነር ሪፖርት ትልቁ ነጥብ ይህ ነው።

አባት_ከበርሚንግሃም

ይህንስ እውነት ነው። የኔም ልጅ ከጂም ሲመለስ ሁለቴ አስቁመውታል፣ ሽታ አለ እያሉ። አያጨስም። ለመያዝ ቅጣቱን ያንሱ ቢባል ላልቃወም እችላለሁ። በሱቅ ይሸጥ ከተባለ ግን አልስማማም።

የሉዊሻሙ

እዚያ ላይ እንገናኛለን አባቴ። እኔም በሱቅ ይሸጥ አላልኩም።

እናትም እንዳለችው፣ ሴቶቹ ጠይቀዋል። የጠየቁት ግን ባሎቻቸው ቤት እንዲመለሱ ነው። መንግሥት ከጥያቄው ውስጥ ርካሹን መርጦ ሰጣቸው። መከልከል አንድ ወረቀት ነው። አማካሪ መቅጠር ግን በየዓመቱ ገንዘብ ይፈልጋል። የእናት ባለቤት ተዉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያልተዉት ወደ ምን እንደዞሩ የቆጠረ አለ? እኔ የማውቃቸው ወደ መጠጥ ነው የዞሩት። አልኮል ደግሞ በዚያ ሚዛን 72 ነው፣ በየጥጉ ይሸጣል።

የፓርላማ አባሌ የሳምንት ቀጠሮ አላቸው፣ ልሄድ ነው። የምጠይቃቸው ሁለት ነገር ነው። ምክር ቤቱ የሚለውን ሚኒስትሩ ካልተቀበለ ምክንያቱን ፓርላማ ቆሞ ያስረዳ፣ ድምፅም ይሰጥበት። አንድ ዕፅ ሲከለከል ደግሞ የሕክምናው በጀት በዚያው ቀን ይታወቅ። አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ የሉዊሻም ሰው ካለ በግል ይጻፍልኝ።

ዝምተኛ_አንባቢ

ሁሉንም አንብቤያለሁ። ጥያቄ አለኝ። ሊድስ ያለ ወንድሜ ደረቁን ያገኛል፣ ይቅማል፣ ለመተኛት ይጠጣል። ሥራ እየቀረ ነው። እርዳታ ቢጠይቅ ፖሊስ ይነገራል ብሎ ይፈራል። ምን ላድርግ?

ነርስ_ግላስጎ

አይነገርም። ኢንግላንድ ውስጥ በየከተማው ነፃ የዕፅና የአልኮል አገልግሎት አለ። የጂፒ (የሰፈር ሐኪም) ደብዳቤ አያስፈልገውም፣ ራሱ መደወል ይችላል። የሚያወራው ምስጢር ነው፤ የሚጠየቀው ምን ያህል፣ በስንት ጊዜ፣ እንቅልፉ እንዴት ነው የሚለው ነው። ጫቱን ብቻ ሳይሆን መጠጡንም ይንገራቸው። በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ በድንገት በራሱ አያቁም፣ አደገኛ ሊሆን ይችላል፣ እነሱ ቀስ አድርገው ያወርዱታል። አስተርጓሚ ከፈለገ አማርኛ ብሎ ይጠይቅ። የትኛው እንደሚቀርበው ካላወቃችሁ ፍራንክ የሚባለው የመንግሥት የስልክ መስመር ይነግራችኋል። መጀመሪያ ቀን አብረኸው ብትሄድ ጥሩ ነው።